ወንድሜ ቴክሳስ የባህር ዳርቻ ላይ ያለ ቤቱን ውሃ ከበበው፣ እኔ ደግሞ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ቤት ልከራይ ነው፣ ልፍራ?

እህቴ ጥያቄሽ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ ልድገመውና ልመልስ። ወንድምሽ ቴክሳስ ሰርፍሳይድ ቢች የሚባል ቦታ ይኖራል፣ በሰኔ 2016 አውሎ ነፋሱ ሜክሲኮ ላይ ነው የሚያርፈው እየተባለ እነሱ ሰፈር ግን መንገዱ በባህር ውሃ ተሞላ። አንቺ ደግሞ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር አሳ ቤት ልትከፍቺ ነው፣ በመጋቢት ሄደሽ ስታዪው ውሃው ከበሩ 20 እርምጃ ይርቅ ነበር፣ ባለቤቱ የ3 ዓመት ውል ፈርሚ እያለሽ ነው። ወንድምሽ ጋ የመጣው ነገር እኛ ሐይቅ ላይ ይመጣል ወይ፣ ልፈርም ወይስ ልተወው ነው ያልሽው።

አጭሩ መልስ፣ ወንድምሽ ጋ የመጣው ነገር አንቺ ጋ አይመጣም፣ አንቺ ጋ የሚመጣው ሌላ ነው፣ እሱ ደግሞ ድምጽ የለውም። ሥራዬ የውሃ ምህንድስና ስለሆነ ነገሩን ትንሽ ላስረዝመው ነው፣ ቡና ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የወንድምሽን እንጨርስ። ያ አውሎ ነፋስ አልቤርቶ ይባል ነበር፣ ሜክሲኮ ታምፒኮ አካባቢ ነው መሬት የነካው፣ ከሰርፍሳይድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ታዲያ እንዴት ብሎ እዛ ደረሰ? ሰው አውሎ ነፋስ ሲባል ካርታው ላይ ያለችውን ነጥብ ነው የሚያየው፣ ነጥቧ ግን ማዕከሉ ናት እንጂ ነፋሱ አይደለችም። አልቤርቶ ደካማ ቢሆንም ስፋቱ ለጉድ ነበር፣ ነፋሱ ከማዕከሉ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ የባህሩን ቆዳ እየጎተተ ወደ ቴክሳስ ይገፋል፣ ውሃው ደግሞ ዳርቻው ጋ ሲደርስ መሄጃ ሲያጣ ይቆለላል። በዛ ላይ ከሩቅ የመጣው ማዕበል ዳርቻው ላይ ሲሰበር እሱም ለብቻው ውሃ ይጨምራል። የአየር ግፊት ሲወርድም ባህሩ ከፍ ይላል፣ ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) በወረደ ቁጥር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ግን ይሄ ከሦስቱ ትንሹ ነው፣ ዋናው ነፋሱ ነው። እዛው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 አይክ የሚባለው ሀሪኬን፣ ማለትም ኃይለኛ የባህር አውሎ ነፋስ፣ ሲመጣ ውሃው ማዕከሉ መሬት ከመንካቱ ከግማሽ ቀን በላይ ቀድሞ ነው መንገድ መዝጋት የጀመረው፣ ሰማዩ ገና እንዲህ ሳይከፋ፣ ነገ ጠዋት እወጣለሁ ብሎ የተኛ ሰው መውጫ አጣ። ስለዚህ ወንድምሽን አንድ ነገር ንገሪልኝ፣ ማዕከሉ የት ያርፋል የሚለውን ትቶ ለሱ ሰፈር የሚወጣውን የባህር ውሃ ከፍታ ማስጠንቀቂያ ለብቻው ያንብብ፣ ሁለቱ የተለያዩ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው።

አሁን ወደኛ። ሀሪኬን የሚበላው የሞቀ ባህር ነው፣ ከ26 ዲግሪ በላይ የሆነ ሰፊ ውቅያኖስ ካላገኘ ይሞታል። ሐዋሳ ከባህር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለኛ ቀረብ ብሎ ከመጡት አንዱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ሶማሌላንድ የገባው ሳጋር ነበር፣ እዛና ጅቡቲ ሰው ገደለ፣ ወደኛ ምስራቅ ሲገባ ግን እየተበታተነ ነበር። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ ሀሪኬን የሚባለውን እርሺው።

ግን እኮ፣ ትዪኝ ይሆናል፣ ነፋስ ውሃን ከገፋ የኛስ ሐይቅ ነፋስ የለውም? አለው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ እንዴት እንደሚቆጣ አሞራ ገደል ያሉትን አጥማጆች ጠይቂያቸው፣ ለዛ ነው እኮ መረባቸውን ማልደው አውጥተው የሚመለሱት። እና ሐይቅ ስለሆነ ምንም አይሆንም ማለትም አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ፍሎሪዳ ውስጥ ኦኪቾቢ የሚባል ሐይቅ ላይ ሀሪኬን አልፎ ሐይቁ የአፈር ግድቡን ሰብሮ ወጥቶ ቢያንስ 2,500 ሰው ገድሏል፣ ባህር ሳይሆን ሐይቅ። ስለዚህ ጥያቄሽ የሞኝ ጥያቄ አይደለም፣ መልሱም ሐይቅ ወይስ ባህር የሚለው ላይ ሳይሆን ሁለት ቁጥር ላይ ነው ያለው፣ ነፋሱ ውሃው ላይ ስንት ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ ውሃውስ ምን ያህል ጥልቅ ነው።

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ነፋሱ ውሃው ላይ የሚሮጥበት ርቀት በረዘመ ቁጥር ቁልሉ ይጨምራል፣ ውሃው ጥልቅ በሆነ ቁጥር ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ጥልቅ ውሃ ከላይ የተገፋውን ከሥር መልሶ ያወጣዋል፣ ጥልቀት የሌለው ግን መመለሻ የለውም። የነፋሱ ፍጥነት ደግሞ በካሬ ነው የሚገባው፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ቁልሉ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ ከምስራቅ ምዕራብ ሰፋ ብሎ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አማካይ ጥልቀቱ 11 ሜትር አካባቢ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ደግሞ ከ20 ሜትር በላይ ይሄዳል። በጣም ኃይለኛ ነፋስ እንስጠው፣ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር፣ ቆርቆሮ የሚያነሳ ማለት ነው፣ ከምዕራብ ወደ ከተማው ይንፈስ። ሲሰላ በሁለቱ ዳርቻ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ግማሹ ያኛው ወገን ዝቅ ያለው ስለሆነ አንቺ ጋ የሚጨምረው 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ጣት! በሐይቁ ርዝመት፣ ማለትም ከሰሜን ደቡብ ቢነፍስ እንኳ በእጥፍ ቢሆን ነው። ያንኑ ነፋስ ኦኪቾቢ ላይ ብታደርጊው ሐይቁ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 3 ሜትር ነው፣ ስለዚህ ልዩነቱ 1.7 ሜትር ይሆናል። ወንድምሽ ጋ ደግሞ 150 ኪሎ ሜትር የሚሄድና በአማካይ 20 ሜትር ጥልቀት ያለው ባህር ነው ብንል 75 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፣ ይሄ እንግዲህ በዛው በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነፋስ ነው፣ ሀሪኬን ሆኖ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን 3 ሜትር። አየሽ፣ ነፋሱ አንድ ነው፣ የሚለየው የሚገፋው ውሃ ነው፣ የኛ ሐይቅ ለዚህ ነገር አጭርም ጥልቅም ነው፣ አሪፍ ነው።

ማዕበሉ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱን አትናቂው። ያ ኃይለኛ ነፋስ 9 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሲመጣ 1 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ማዕበል ያመጣልሻል፣ በተለመደው የከሰዓት ነፋስ ደግሞ ጉልበት ድረስ የሚሆን። በረንዳሽ ውሃው ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ፣ የእንጨት ምሰሶ ምናምን የምታስቢ ከሆነ፣ የሚበላሽ እሱ ነው። ከኋላው ደንገልና ቄጠማ ያለው ቦታ ከሆነ ማዕበሉ እዛው ይደክማል፣ ቄጠማውን አጽድተሽ እይታ ልታስከፍቺ ካሰብሽ ተይው፣ ማንም እንደሱ አይከላከልልሽም፣ በነጻ ነው ደግሞ።

እንግዲህ ዋናው ነገር፣ ይሄን ያህል የለፈለፍኩት እዚህ ለመድረስ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባል፣ ዙሪያውን ያለው ጎርፍ ይገባል፣ ዝናብ ላዩ ላይ ይወርዳል፣ መውጫው ግን በዋናነት ፀሐይ ናት፣ ትነት። በዓመት ከአንድ ሜትር በላይ ውሃ በትነት ይሄዳል። ስለዚህ ይሄ ሐይቅ እንደ ባንክ ደብተር ነው፣ ገቢ ከወጪ ሲበልጥ ይጨምራል፣ ሲያንስ ይቀንሳል፣ የዘንድሮውን ትርፍ ለከርሞ ያሻግራል፣ ሁለት ሦስት ዓመት ጥሩ ዝናብ ከተከታተለ ትርፉ እየተደመረ ነው የሚሄደው። ባህር በአውሎ ነፋስ ይወጣና ሲነጋ ይመለሳል። የኛው ከወጣ ወራት፣ አንዳንዴ ዓመታት ይቀመጣል።

ስንት ነው የሚጨምረው ካልሽ፣ የሐይቁ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ 1 ሴንቲ ሜትር ለመጨመር 900 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ይፈልጋል፣ 20 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ 45 ሺህ ቦቴ ማለት ነው። ብዙ ይመስላል አይደል? ግን ወደ ሐይቁ የሚፈሰው ተፋሰስ 1,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚህ ሁሉ መሬት ላይ 1 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ውሃ ብቻ ሐይቁ ከደረሰ ሐይቁ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይነሳል። ድሮ ከከተማው ምስራቅ ጨለለቃ የሚባል ትንሽ ሐይቅ ነበር፣ አሁን ረግረግና ግጦሽ ሆኗል፣ እሱ ውሃውንም ደለሉንም ያዝ አድርጎ ቀስ እያለ ነበር በጥቁር ውሃ የሚለቀው። ደለሉ አሁን ወደ ዋናው ሐይቅ ይሄዳል፣ ሐይቁ ሥር ደለል ሲተኛ ያው ውሃ ከፍ ይላል፣ ድስት ውስጥ ድንጋይ እንደመጨመር በዪው።

የሆነ ነገር ነው ደግሞ የማወራሽ፣ ምናልባት ብሎ ማስፈራራት አይደለም። በ1990 ዓ.ም. በጋ ላይ የዘነበውን የኤልኒኖ ዝናብ ትልልቆቹ ያስታውሱታል፣ ከሱ በኋላ ሐይቁ ሽቅብ ወጥቶ ዳር ያለውን ቤትና መንገድ ወሰደ፣ አሁን ሰው ፍቅር ሐይቅ እያለ የሚንሸራሸርበት ዳርቻ ላይ የምታዪው ግድብ ከዛ በኋላ ከተማውን ለመከላከል የተሰራ ነው። ብዙ ሰው መናፈሻ ይመስለዋል፣ ፎቶ ይነሳበታል፣ ግድብ መሆኑን ሳያውቅ። ሰው ግድብ መሆኑን ሲረሳ ደግሞ ለደረጃ ይቆርጠዋል፣ ለቱቦ ይበሳዋል፣ ዛፍ ይተክልበታል፣ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይሆናል። በሰቃንም ታውቂዋለሽ፣ መተሐራ ጋ፣ በኃይለ ሥላሴ ዘመን 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረች ኩሬ ከ40 በላይ ሆና መንገድና ባቡር ሀዲድ አንገላታለች፣ ምክንያቷ ከኛ ይለያል፣ ግን መውጫ የሌለው ውሃ ሲጠግብ ማንንም እንደማያማክር ለማየት ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኬንያም ባሪንጎና ናይቫሻ ሐይቆች ወጥተው ሰው አፈናቅለዋል፣ ሎጆች ሁሉ ውሃ ውስጥ ገብተዋል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምጠይቅሽ፣ ቤቱ ከግድቡ በየት በኩል ነው? ከሐይቁ በኩል ከሆነ ከሐይቁ ጋር ፊት ለፊት ነሽ፣ ሐይቁ ሲነሳ አንቺ ጋ ይመጣል፣ አለቀ። ከከተማው በኩል ከሆነ ደግሞ ተገላገልኩ እንዳትዪ፣ እዛ ያለው ችግር የተለየ ነው፣ ለኔ እንደውም የባሰው እሱ ይመስለኛል። ግድብ የሐይቁን ውሃ ወደ ከተማው እንዳይገባ ይከለክላል፣ የከተማውን ውሃ ደግሞ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ይከለክላል። ከታቦርና ከአላሙራ ተራራ የሚወርደው፣ ከአስፋልቱ የሚሰበሰበው ዝናብ በግድቡ ሥር በቱቦ ነው የሚወጣው፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት ክዳን አለው ወይ ሊኖረው ይገባል። ክዳኑ ከተያዘ፣ ወይ ዲቹን ፌስታልና የጫት ገረባ ከደፈነው፣ ግድቡ ሳፋ ይሆንብሻል፣ አንቺ ሳፋው ውስጥ ነሽ።

አንድ ወዳጄ ላይ የደረሰው ይሄ ነው፣ ስሙንም ቦታውንም ልተወው። ቁርጥ ቤት ነበረው፣ ከግድቡ ወዲህ፣ ሐይቁ ያን ሰሞን እንደውም ዝቅ ብሎ ነበር። አንድ ሌሊት የአንድ ሰዓት ተኩል ዝናብ ዘነበ፣ ጠዋት ሲከፍት ፍሪጁ ተጋድሞ ሲንሳፈፍ አገኘው። ደውሎ ሐይቁ ወጣብኝ አለኝ። ሄድኩ፣ ግድቡ ላይ ወጥተን አየነው፣ ሐይቁ ከወለሉ በታች ሆኖ ተኝቷል፣ ዳክዬ ይዋኝበታል። ወዳጄ ቤት ያለው ውሃ ሐይቁን ከበታቹ እያየ መውረጃ ያጣ የዝናብ ውሃ ነበር። የቱቦውን አፍ ፈልገን ስናገኘው ክዳኑ በዝገት ተጣብቋል፣ በላዩ ላይ ደለል። ሦስት ልጆች አካፋ ይዘው በግማሽ ቀን ከፈቱት፣ ውሃው እያጓራ ወጣ። ወዳጄ ግን ያን ቀን ያጣው ሥጋ ብቻ አልነበረም፣ የመብራት ቆጣሪው ሳጥንም ጉልበት ከፍታ ላይ ነበር የተተከለው።

ሌላው ከሥር የሚመጣው ነው። ዳርቻው ላይ ያለው አፈር ብዙ ቦታ እሳተ ገሞራ የወለደው አሸዋና ፑሚስ የሚባል ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ነው፣ ውሃ እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ሐይቁ ሲነሳ የከርሰ ምድር ውሃውም አብሮ ይነሳል፣ ግድብ ቢኖርም ባይኖርም፣ ምልክቱ ደግሞ ወለል ላይ አይደለም የሚጀምረው፣ ሽንት ቤት ላይ ነው። ጉድጓዱ ጊዜው ሳይደርስ ይሞላል፣ ዝናብ ሳይኖር ይፈሳል፣ ግድግዳው ከታች ጨው ጨው ያለ ነጭ ነገር ያወጣል፣ ቀለም ይልጣል። ባለቤቱ ቀለም ቀብቶ ይጠብቅሻል፣ ስለዚህ ግድግዳውን ሳይሆን ከፍሪጅና ከመደርደሪያ ኋላ እይ። ጎረቤት ያለችውን ቡና የምታፈላ ልጅ ጠይቂያት፣ ሽንት ቤታችሁን በዓመት ስንቴ ታስመጥጣላችሁ በያት፣ የሷ መልስ ከኔ ሁሉ ሂሳብ ይበልጣል። እና ልብ በይ፣ ከርሰ ምድሩ ከፍ ባለበት ሰዓት ሴፕቲክሽን ሙሉ በሙሉ አታስመጥጪ፣ ባዶ ሲሆን እንደ ታንኳ ተነስቶ ቱቦውን ይሰብረዋል፣ ሳቅሽ? ያየሁት ነው።

በመጋቢት ያየሽው 20 እርምጃ ምንም አይነግርሽም። ሐይቁ በበጋው መጨረሻ ዝቅ ብሎ ነው ያየሽው፣ ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ ነው፣ ጥቅምት ኅዳር። መሬቱ ደግሞ ሜዳ ነው፣ በ100 ሜትር 1 ሜትር ብቻ የሚወጣ ከሆነ 20 ሴንቲ ሜትር የጨመረ ውሃ 20 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፣ 20 እርምጃሽ አለቀ ማለት ነው። እርምጃ አትቁጠሪ፣ ከፍታ ለኪ።

እንዴት ትለኪያለሽ፣ ሰርቬየር አያስፈልግሽም፣ አንድ ግንበኛና የውሃ ልክ ቱቦ ይበቃሻል፣ ያ ግንበኞች ብሎኬት ሲደረድሩ የሚጠቀሙበት ነጭ የሚያሳይ ላስቲክ ቱቦ፣ ውሃ ሞልተሽ አየር እንዳይኖርበት አድርገሽ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሂጂ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ያኔ ሐይቁ እንደ መስታወት ነው፣ ራሱ ትልቅ የውሃ ልክ ነው። አንዱን ጫፍ ውሃው ዳር በተተከለ እንጨት ላይ፣ ሌላውን በሩ ላይ ያዙት፣ ካልደረሰ በሁለት ሦስት ጊዜ አሸጋግሩት። ወለልሽ ከሐይቁ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንደሚል ታገኛለሽ። ያንን ቁጥር ያዢ። በመጋቢት ልክ 2 ሜትርና ከዛ በላይ ከሆነ እኔ ብሆን እፈርማለሁ። ከ1 እስከ 2 ሜትር ከሆነ የ1 ዓመት ውል፣ እድሳት በኔ ምርጫ የሚል፣ ግንባታ ላይ ደግሞ ብዙ ብር አላፈስም። ከ1 ሜትር በታች ከሆነ የቀን ገቢ እያሰብኩ ጠረጴዛና ጃንጥላ ዘርግቼ እሰራለሁ እንጂ ሊሾ አላስደርግም። ይሄ የኔ ልክ ነው፣ ሕግ አይደለም። ሕጉን በተመለከተ ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ ቦታው ለሐይቁ ዳርቻ ከተከለለው ውስጥ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ከሆነ ውሃው ባያስወጣሽ እነሱ ያስወጡሻል፣ ባለቤቱ ይሄንን አይነግርሽም።

የሞቱ ዛፎችንም እዪ። ውሃው ውስጥ ቆመው የደረቁ ግራሮች ካሉ እነሱ በደረቅ መሬት ላይ ነው የበቀሉት፣ ሐይቁ መጥቶባቸው ነው። የግንዱን ቆዳ ስታዪ ውሃው ከፍ ብሎ የቆየበት ቀለበት ይታያል፣ ያ ቀለበት ከወለልሽ በላይ ከሆነ ምንም ሂሳብ አልፈልግም ነበር።

ከወሰድሽው ደግሞ ወለሉን በገረጋንቲ ከፍ አስደርጊ፣ ጋልቨስተን የሚባለው የወንድምሽ ጎረቤት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1900 በአንድ ሌሊት ከ6,000 በላይ ሰው ካለቀበት በኋላ የባህር ግንብ ሰርቶ አልበቃ ብሎት ቤቶቹን በክሪክ አንስቶ ሥራቸው አሸዋ እየሞላ ከተማውን ነው ከፍ ያደረገው፣ ውሃን መከልከል ሳይሆን መብለጥ ማለት እሱ ነው። ላንቺ 40 ሴንቲ ሜትር ትልቅ ነገር ነው። ቆጣሪና ሶኬት ደረት ላይ ይሁን፣ ፍሪጅ በብሎኬት ላይ ይቀመጥ፣ የሽንት ቤቱ ቱቦ ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርግ ቫልቭ አስገጥሚ፣ ርካሽ ነው፣ ቧንቧ ሠራተኛው ያውቀዋል። ከክረምት በፊት ቦይሽን ብቻ ሳይሆን ከታችሽ ያለውን ቦይም አስጠርጊ፣ የሚያሰጥምሽ የሱ መደፈን ነው። ከበሩ ትይዩ ደግሞ ውሃው ውስጥ በሴንቲ ሜትር የተቀለመ እንጨት ትከዪ፣ በየእሁዱ ጠዋት ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፊው። ከመስከረም በኋላ በሳምንት ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ እየጨመረ ከቀጠለ እቃሽን ለማንሳት ሳምንታት አሉሽ፣ ወንድምሽ ያልነበረው ጊዜ እሱ ነው።

ውሉ ላይ አንድ መስመር ብቻ አስጨምሪ፣ ውሃ ወለሉ ላይ ከገባ ኪራይ ከዛ ቀን ጀምሮ ይቆማል፣ ቅድሚያ የተከፈለው ይመለሳል የሚል። ባለቤቱ ሐይቁ በፍጹም አይመጣም እያለሽ ነው አይደል፣ የሚያምንበት ከሆነ ለመፈረም ምንም አይከብደውም። እምቢ ካለ መልስሽን አገኘሽ፣ የቱቦውን ቁጥር እንኳ ሳትጠብቂ።